በአንድ ጀምበር የተወለደ ጀግና

(የ«ጀምበር» የመጀመሪያ ዕትም ሲፈተሽ)

በአገራችን የሥነ-ጽሑፍ ሂስ ሲነሣ ልቦለድ፣ ግጥምና ተውኔት ተራ ተራቸውን ይዘው ይቀርባሉ። በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ግን ከዚህ ጉባዔ መቀመጫ አግኝቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። «የልጆች ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ንቀት ሁለት ቁም ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛው፣ በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎች ታሪክ መንገር ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ጥበብ አለመሆኑ ነው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን። ሁለተኛው፣ ልጆቻችን ስለ ጀግንነት ከሚያውቁት ውስጥ ቀላል የማይባለውን ድርሻ የሚያገኙት ከዚሁ ከተናቀው ዘርፍ መሆኑ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ጠዋት ጠዋት ደረጃ የሚወርዱትን ተማሪዎች ቦርሳ ልብ ብሎ ያየ ሰው ስፓይደርማንን ያገኘዋል፤ ባትማንንም ያገኘዋል። በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ ሆስፒታል የተሰየመላቸውን ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶን ግን በአንዱም ቦርሳ ላይ አያገኛቸውም።

እንግዲህ በ2018 እ.ኤ.አ. በኤታን ኮሚክስ አሳታሚነት የወጣው «ጀምበር» የመጀመሪያ ዕትም መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። ደራሲው ብስራት ደበበ ነው። መጽሐፉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቶ ቀርቧል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ተብሎም ብዙ ተወርቶለታል። «የመጀመሪያ» መባል ክብር ቢሆንም ለሂስ አይመችም፤ በመጀመሪያነቱ ብቻ የተመሰገነ ሥራ ምኑ እንደተመሰገነ ሳይታወቅ ይቀራልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቀዳሚነቱን ጉዳይ ወደ ጎን ትተን ሥራው የተነሣበትን ሐሳብ፣ የመረጠውን ሰው፣ የሰጠውን ስምና የከፈተውን መንገድ እንመዝናለን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አማኑኤል ጥላሁን የሚባል ወጣት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመርቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል፤ አያገኝም። በዚህ መሐል ሳያስበውና ሳይጠብቀው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ባለቤት ይሆናል። ጀምበር የተባለው ጀግና እሱ ነው።

የመክፈቻ ዕትም ፈተና

የተከታታይ ታሪክ የመጀመሪያ ዕትም ከሙሉ ልቦለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይልቅ የሚከብድ ሸክም አለበት። የልቦለድ አንባቢ ገንዘቡን ከፍሎ መጽሐፉን በሙሉ ይዞታል፤ አንደኛው ምዕራፍ ቢያዛጋውም ሁለተኛውን ይሞክራል። የኮሚክ አንባቢ ግን የያዘው ጥቂት ገጾች ብቻ ነው። በእነዚያ ገጾች ውስጥ ሦስት ነገሮች ካልተፈጸሙለት ለቀጣዩ ዕትም አይመለስም። ሰውየውን ማወቅ አለበት፤ ኃይሉ ከየት እንደመጣ ማየት አለበት፤ ኃይሉ የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ ቢያንስ መጠርጠር አለበት።

የዘርፉ አንጋፋዎች ይህን ፈተና እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የተወጡት። ሰኔ 1938 እ.ኤ.አ. የሚል ቀን ይዞ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም የተሸጠው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሱፐርማንን ለዓለም አስተዋወቀ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉት ሁለት ወጣቶች የጀግናቸውን አመጣጥ በአንዲት ገጽ ጨርሰው ወዲያው ወደ ሥራ አሰማሩት። የሠራው ሥራ ሲታይ ያስገርማል። በስህተት ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን የአገረ ገዥውን በር ሰብሮ ይገባል። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይቀጣል። በመጨረሻም ከጉዳይ አስፈጻሚ ጋር የሚመሳጠር የምክር ቤት አባል ጉዳይ ለማጣራት ዋሽንግተን ይወርዳል። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ሱፐርማን ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አልተዋጋም። የተዋጋው ከፍርድ መጓደል፣ ከቤት ውስጥ ዱላና ከሙስና ጋር ነው። ደራሲዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ልጆች ነበሩና ጀግናቸው የተሰለፈው እነሱ ከሚያውቁት በደል ፊት ነው።

ስፓይደርማን ነሐሴ 1962 እ.ኤ.አ. በሚል ቀን ሲመጣ ክብደቱ ወደ ዋጋው ዞረ። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ11 ገጽ የነገሩት ታሪክ ስለ አንድ ዓይን አፋር ተማሪ ነው። ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ ያሰበው ገንዘብ ማግኘት ነው። ሌባ በአጠገቡ ሲያመልጥ «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፈዋል። ያው ሌባ በኋላ ያሳደጉትን አጎቱን ይገድላል። አንባቢው መጽሐፉን ሲያጥፍ ጥፋቱ የልጁም እንደሆነ ያውቃል፤ ለሚቀጥለው ዕትም የሚመልሰውም ይኸው ሕመም ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ብቅ ያለው ብላክ ፓንተር ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። የዋካንዳው ንጉሥ ቲቻላ ነጮቹን ጀግኖች ወደ አገሩ ይጋብዛል፤ ሲመጡም በራሱ ጥበብ በሠራው ጫካ ውስጥ አስገብቶ ይፈትናቸዋል። ያልተገዛችና ራሷን የቻለች አፍሪካዊት አገር በኮሚክ ገጽ ላይ ስትሣል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። ይሁንና ዋካንዳ የተፈጠረችው በአሜሪካ ነው፤ ንጉሧንም የጻፈውና የሣለው አሜሪካዊ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በፊልም ስትመጣ በደስታ ያየናት ሁሉ የሰው ቤት ድግስ ላይ እንደተጠራ እንግዳ ሆነን ነው። «ጀምበር» በዚያው ዓመት መውጣቱ ጥሩ መገጣጠም ሆነለት። ቢያንስ አንድ ሰው «የራሳችንን ድግስ እንደግስ» ብሏል።

ሥራ ፈላጊው

የ«ጀምበር» ትልቁ ጥንካሬ የሰው ምርጫው ነው። ደራሲው ጀግናውን ከነገሥታት ዘር መምዘዝ ይችል ነበር፤ ታሪካችን ለዚህ ሞልቶ ተርፏል። ከዓድዋ ዘማች ነፍስ የተወረሰ ኃይል ሊሰጠውም ይችል ነበር። እሱ ግን የመረጠው ዲግሪውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ የሚዞረውን ወጣት ነው። ይህን ወጣት የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲገለብጥ አይተነዋል። «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን መስመር ሲያነብ ፊቱ ሲጠቁር አይተነዋል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ሰውን አስሮ ለመያዝ ከዚህ የጠነከረ ሰንሰለት የትኛውም የኮሚክ ክፉ ሰው አልሠራም።

ምርጫው ጥሩ የሆነበት ምክንያት የወጣቱ ችግር «እውነተኛ» ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሥራ አጡ ምሩቅ የልዕለ ጀግና ታሪክ የሚጠይቀውን ግጭት ከነነፍሱ ይዞ ይመጣል። ይህ ሰው ሳይጠቅም የተቀመጠ አቅም አለው። ትምህርቱ አቅም ነው፤ ጉልበቱ አቅም ነው፤ የሚያውለው ቦታ ግን አጥቷል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ ተጨማሪ አቅም ሲሰጠው ጥያቄው ይሰላል። የመጀመሪያውን አቅሙን ያልፈለገችው ከተማ ሁለተኛውን ትፈልገዋለች? ፒተር ፓርከርም ድኻ ነው፤ ግን ድኽነቱ የተማሪ ድኽነት ነው፤ ነገ ሊያልፍለት ይችላል። የአማኑኤል ግን «ነገ» የተባለው ቀን መጥቶ ባዶ የሆነበት ሰው ድኽነት ነው።

እዚህ ላይ ተከታታዩ በሙሉ የሚፈተንበት ነጥብ አለ። ጀምበር ሌባ ይዞ፣ ወንጀለኛ አሸንፎ ቤቱ ሲገባ አማኑኤል አሁንም ሥራ የለውም። ልዕለ ኃይል የማይፈታው ችግር ካለ ይኸው ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታን በቡጢ መፍጠር አይቻልም። ደራሲው ይህን ቁስል በየዕትሙ ክፍት አድርጎ ከያዘው በእጁ ያለው ትልቅ ታሪክ ነው። ሥራ ማጣቱን ኃይሉ እስኪመጣ ድረስ ብቻ እንደ መንደርደሪያ ተጠቅሞ ከዚያ በኋላ ከረሳው ግን፣ አማኑኤል ስም ብቻ ተቀይሮለት ከውጭ የመጣ ጀግና ይሆናል።

«በአንድ ጀምበር»

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ጀምበር ፀሐይ ናት፤ በአማርኛ ልማድ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። ለወንድ ጀግና መጠሪያ መሆኗ ደስ የሚል አለመግጠም አለው። ይሁንና ቋንቋችን ይህችን ቃል ለሌላ ነገርም ያውላታል። «በአንድ ጀምበር» ስንል «በአንድ ቀን፣ ሳይለፉበት፣ ድንገት» ማለታችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንለውም በአሉታ ነው። በአንድ ጀምበር የሚበለጽግ የለም፤ በአንድ ጀምበር አዋቂ መሆን አይቻልም እንላለን። አማኑኤል ግን በአንድ ጀምበር ጀግና ሆነ። ደራሲው ይህን አስቦት ይሁን ሳያስበው፣ ስሙ የሥራውን ዋነኛ ችግር በጉያው ይዟል።

ችግሩ ይህ ነው። በእኛ ትውፊት ኃይል በድንገት አይገኝም። ጻድቁ በጾምና በጸሎት፣ በገድል ያገኘዋል። የቆሎ ተማሪው በእግሩ አገር አቋርጦ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ ዕውቀቱን ያካብታል። ጦረኛው ከጌታው ጋር ዘምቶ ግዳይ ጥሎ ይሾማል። ልጅ ሽማግሌ አገልግሎ ይመረቃል። በሁሉም ውስጥ ልፋት ይቀድማል፤ ኃይል ይከተላል። በአሜሪካው ኮሚክ ግን ሸረሪት ይነክሳል፤ ኃይል ይመጣል፤ ልፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። «ጀምበር» በዚህ ረገድ የተከተለው የውጭውን መንገድ ነው። የድርሰቱ አጽም፣ ማለትም የተቸገረ ወጣት፣ ያልታሰበ አጋጣሚ፣ ድንገተኛ ኃይል፣ ከ1962ቱ የስታን ሊ ታሪክ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ትልቁ ድክመቱ ነው።

ድክመት ነው ካልን በኋላ ግን አንድ መከራከሪያ ልናቀርብለት ይገባል። የዛሬው አዲስ አበቤ ኃይልን ወይም ሀብትን የሚያየው እንደ አያቱ ነውን? የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ በ1997 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ ሁለተኛው ዙርም በ2005 ዓ.ም. ሲከተል፣ ሰው ሁሉ የተሰለፈው ለዕጣ ነው። የቆጠበም የደከመም አለ፤ ቤቱን የሚሰጠው ግን ዕጣው ነው። ዕጣ የወጣለት በአንድ ጀምበር ባለቤት ይሆናል፤ ያልወጣለት ጎረቤቱ ዓመት ጠብቆ ዓመት ይጨምራል። ሁለቱን የሚለያቸው ልፋትም ጽድቅም አይደለም። በእንዲህ ያለ ከተማ ያደገ ደራሲም አንባቢም ኃይልን እንደ ዕጣ ቢያስበው አይፈረድበትም። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚጻፍ የጀግና ታሪክ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ታዲያ፣ «ለምን እኔ ወጣልኝ? ላልወጣላቸውስ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚለው ነው። «ጀምበር» ይህን ጥያቄ ካነሣ የተዋሰው አጽም የራሱ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው።

ጭምብልና የፈረስ ስም

የልዕለ ጀግና ታሪክ ያለ ሁለት ስም አይሆንም። ክላርክ ኬንት ሱፐርማን ነው፤ ፒተር ፓርከር ስፓይደርማን ነው። ሁለተኛው ስም የሚያገለግለው ለመደበቅ ነው።

ለእኛ ሁለት ስም አዲስ አይደለም፤ አሠራሩ ግን በተቃራኒው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ነበሩ። የዓድዋው መድፈኛ ባልቻ አባ ነፍሶ ነበሩ። የፈረስ ስም የሚወጣው ሰውየው በይበልጥ እንዲታወቅ ነው። ጀግናው ሜዳ ሲወጣ ስሙን ጠርቶ፣ አባቱን አንሥቶ፣ የዋለበትን ቆጥሮ ይፎክራል። ፊቱን የሸፈነ ሰው ሊፎክር አይችልም፤ በእኛ ዓይን ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው ጀግና ሳይሆን ሽፍታ ወይም ሌባ ነው።

ልዩነቱ የአለባበስ ብቻ እንዳይመስለን። ጭምብል የሚለው፣ «ሥራዬን እዩ፤ ማንነቴን አትጠይቁ» ነው። የፈረስ ስም የሚለው፣ «ማን እንደሆንኩ ዕወቁ፤ ባጠፋ ጠይቁኝ» ነው። ኃይል ያለው ሰው ለማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በየትኛውም ዘመን ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በስመ ጀግንነት ፊቱን ሸፍኖ ፍርድ የሚሰጥን ሰው አንባቢያችን ቢጠራጠር ምክንያት አለው።

ስለዚህ «ጀምበር» የሚለው ስም የትኛው ነው? መደበቂያ ነው ወይስ የፈረስ ስም? ይህ ጸሐፊ የፈረስ ስም ቢሆን ይመርጣል። ጭምብሉን ጨርሶ ይጣል ማለት አይደለም፤ የዘርፉ ደስታ ግማሹ ከእሱ ነውና። ነገር ግን አንድ ቀን አማኑኤል በአደባባይ የአባቱን ስም ጠርቶ «የጥላሁን ልጅ!» የሚልበት ገጽ ቢመጣ፣ ያ ገጽ ከአሜሪካ በውሰት ያልመጣ፣ ከቶም ሊመጣ የማይችል ይሆናል።

ጀግናው ልደታ ቢያድር

መቼቱ አዲስ አበባ ነው መባሉ ጥሩ ነው፤ ግን «አዲስ አበባ» ሰፊ ቃል ነው። የኒው ዮርክን ፎቆች በአዲስ አበባ ፎቆች መተካት መቼት መፍጠር አይደለም። መቼት የሚፈጠረው ቦታው ታሪኩን ሲያስገድደው ነው።

አንድ ሙከራ እናድርግ። አማኑኤልን ለአንድ ሌሊት ልደታ ኮንዶሚኒየም እናሳድረው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በቦታው የቆመው ይህ መንደር ለሥዕል ታሪክ የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ ፎቅ ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ መስኮት በውስጡ ሌላ ታሪክ ይዟል። ጣሪያው ላይ ሮቶና ዲሽ ተሰልፏል፤ በረንዳው ላይ ልብስና በርበሬ ተሰጥቷል። ከታች በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ያልፋል። ፈንጠር ብሎ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ፋይሉን ታቅፎ ይሄዳል። ሱፐርማን በመጀመሪያው ዕትም የሮጠው በስህተት ለተፈረደባት ሴት እንደነበር እናስታውስ፤ ልደታ ምድብ ችሎት ደጃፍ ለቆመ ጀግና ሥራ አይጠፋም።

አሁን ጀግናችን በእኩለ ሌሊት በመስኮት ሊወጣ ነው። ማን ያሳልፈዋል? ዘበኛው ነቅቷል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ እንቅልፍ የላቸውም። በማግሥቱ ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኙት፣ «ምነው ልጄ፣ ትናንት አመሸህሳ?» ይሉታል። ግድግዳው ሳስቷል፤ የአንዱ ቤት ሳል በሌላው ቤት ይሰማል። ፊቱ ላይ ሰንበር ቢታይ የሕንፃው ኮሚቴ ሊጠይቅ ይመጣል። እድርተኛው ይሰማል። ውኃ በጠፋ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ማለክለክ አለበት፤ ካላለከለከ ይታወቅበታል!

ይህ ቀልድ ቢመስልም የድርሰት ጉዳይ ነው። በኒው ዮርክ ምስጢራዊ ማንነትን የሚጠብቀው የከተማው ግድየለሽነት ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅም። እዚህ ግን ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀውንም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የእኛ ጀግና ምስጢር ከቆየ፣ የሚቆየው ጎረቤት አውቆ ዝም ስላለለት ብቻ ነው። ይህ ከጭምብል ይልቅ የሚያምር ነገር ነው። አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው ምስጢሩን አውቆ፣ ቡና እየጠጣ፣ እንዳላወቀ ሆኖ የሚጠብቀው ጀግና በዓለም ኮሚክ እንደ ልብ አይገኝም። የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ታሪክ ለዓለም የሚጨምረው ነገር ካለ ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

አማርኛ በንግግር ክቡ ውስጥ

«ጀምበር» በሁለት ቋንቋ መዘጋጀቱ ከገበያ አንጻር ብልህነት ነው፤ በውጭ ያደጉትን ልጆች በእንግሊዝኛ፣ የአገር ቤቱን በአማርኛ ይደርስላቸዋል። ግን በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ኮሚክ የሚጠብቀው ወጥመድ አለ። አማርኛው የእንግሊዝኛው ጥላ ከሆነ አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል።

አማርኛ ለዚህ ዘርፍ የሰጠው ጸጋ ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ወንድምህን ዛሬ ማታ…» ብሎ አንድ የንግግር ክብ ቢያልቅ፣ አንባቢው ቀጣዩን ሳጥን እስኪያይ ድረስ «አድነዋለሁ» ይሁን «እገድለዋለሁ» አያውቅም። የእንግሊዝኛው ደራሲ ብዙ የሚደክምበትን ልብ ሰቀላ እኛ በሰዋስዋችን ብቻ እናገኘዋለን። ሁለተኛ፣ ለእንቅስቃሴና ለድምፅ ያሉን ቃላት ተቆጥረው አያልቁም። ጀግናው ውልብ ይላል፤ እልም ይላል፤ ባላጋራውን ዘጭ ያደርገዋል፤ በሩ ጓ ይላል፤ ጥፊው ጧ ይላል። የእንግሊዝኛን የፍንዳታ ድምፆች በፊደላችን ገልብጦ መጻፍ ጎተራው ሞልቶ እህል እንደመበደር ነው።

ሦስተኛው አንቱታ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አለው፤ እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለን። ጀምበር ክፉውን ሰውዬ ምን ብሎ ይጠራዋል? ሰውዬው በዕድሜ የገፋ ባለጸጋ ቢሆንስ? በመጀመሪያ ገጽ «እርስዎ» ያለው ወጣት በመጨረሻው ፍልሚያ «አንተ» ሲል፣ ያ አንድ ቃል ከቡጢው በላይ ያማል። እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያየው በአማርኛ አስቦ የሚጽፍ ደራሲ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። በረጅም አንቀጽ ውስጥ ዐውዱ ይረዳናል፤ በሦስት ቃል የንግግር ክብ ውስጥ ግን «ይመታል» የሚለው ቃል መቺውን ይሁን ተመቺውን አይለይም። በፍልሚያ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም! እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ ለቃሉ መፍቻ መሆን አለበት። ስለዚህ ሠዓሊውና ጸሐፊው አንድ ቋንቋ መስማት ይኖርባቸዋል።

አሮጌው ትምህርት ቤት

ከላይ ቀጠሮ ወደያዝንበት ነጥብ እንመለስ። በአዲስ አበባ የባህል ዕቃ መደብሮች የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ተከፋፍሎ የተሣለበት ሥዕል ይሸጣል። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን አለው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በየሥዕሉም አጭር ጽሑፍ ይገኝበታል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምንድን ነው? ከእሱ በፊትም በብራና ላይ የተሣሉ ተአምራትና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በተርታ የተነገሩ ገድላት ነበሩ።

ይህ ትምህርት ቤት የራሱ ሕግ አለው። ደጉ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። የዓድዋን ሥዕሎች ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ የእኛ ወገን ፊት ለፊት ያየናል፤ ጠላት በጎን ነው። አንድ የዘመናችን የኮሚክ ሠዓሊ ይህን ሕግ አውቆ ቢጠቀምበት ምን ሊሠራ ይችላል! በመጀመሪያ ገጾች በሁለት ዓይን የተሣለ ወዳጅ ቀስ በቀስ ፊቱን ማዞር ቢጀምር፣ አንድም ቃል ሳይነገር ክህደቱ ይነበባል። «ጀምበር» የአሣሣል ስልቱን የወሰደው ከአሜሪካው ዘርፍ ነው። ይህ አያስወቅሰውም፤ ወጣቱ አንባቢ ዓይኑን የገለጠው በዚያ ስልት ነውና። ነገር ግን ከመክፈቻው በኋላ ባለው ጉዞ አሮጌውን ትምህርት ቤት አንዴ ቢያንኳኳ ይበጀዋል።

ስለ ቀጣዩ

«ጀምበር» ብቻውን አልቀረም። ኤታን ኮሚክስ በሚቀጥለው ዓመት «ሀዊ» የተባለ ሌላ ሥራ ይዞ መጥቷል። ባለታሪኳ ኑሮዋን በአሜሪካ ያደረገች ወጣት ናት፤ ከእናቷ ጋር ኢትዮጵያ መጥታ እናቷ ትታገትባታለች። ከዚያ በፊትም በብሩክታዊት ጥጋቡ የሚመራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በተባለ የአኒሜሽን ሥራው ልዩ ኃይል ያላቸውን ልጃገረዶች ጎጂ ልማዶችን ለመታገል አሰማርቷል። የእነዚህ ሥራዎች መደጋገፍ ደስ ያሰኛል፤ አንድ ሥራ «የመጀመሪያ» የሚለውን ማዕረግ ተሸክሞ ብቻውን ሲቆም ይጎብጣልና።

ይሁን እንጂ ዘርፉ ሥር የሚሰደው በአድናቆት ብቻ አይደለም። ተከታታይ ታሪክ የሚኖረው ሳያቋርጥ ሲወጣ ነው። አንባቢው ቀጣዩን ዕትም መቼ እንደሚያገኝ ካላወቀ ጀግናውን ይረሳዋል። የኅትመት ዋጋ ደግሞ በአገር ቤት ባለቀለም ሥራን የሚደፍር አሳታሚ እንዳይበዛ አድርጓል። የፈጣሪዎች መብትም አብሮ ይነሣል። ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነበር፤ የቀረውን ዘመናቸውን ከፍጡራቸው ጥቂት እንኳ ለማግኘት ሲሟገቱ ኖረዋል። እኛ ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. አለ። አዋጁን የሚያውቅ ወጣት ደራሲና ሠዓሊ የዚያን ታሪክ ስህተት አይደግምም።

ሲጠቃለል፣ «ጀምበር» እንደ መክፈቻ ዕትም ከሦስቱ ፈተናዎች አንደኛውን በማዕረግ አልፏል፤ ሰውየውን አሳውቆናል፤ ሰውየውም የእኛ ነው። ሁለተኛውን፣ የኃይሉን ምንጭ፣ በውሰት መንገድ ተሻግሮታል። ሦስተኛው፣ ዋጋው፣ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ኃይል በአንድ ጀምበር ሊመጣ ይችላል፤ ዕጣም እንዲሁ ነው። ለመሆኑ አማኑኤል ጥላሁን ይህን ኃይል ይዞ ዕጣ ባልወጣለት ጎረቤቱ በር ላይ ሲቆም ምን ይላል? ተከታታዩ ይህን መመለስ ከቻለ፣ ከልደታ ደረጃ በሚወርደው ልጅ ቦርሳ ላይ ቦታ ለማግኘት ማንንም አይለምንም።